የዘገየ ልጅም ይታመማል



ዛሬ የማነሣው አንገቱን ለማቅናት፣ ለመቀመጥ ወይም አፉን ለመፍታት የዘገየ፣ ዕድሜው ለትምህርት ያልደረሰ ሕፃን ጤና ነው። ስለ መዘግየቱ ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ የኔ ጉዳይ ሲታመም ማን ያይለታል የሚለው ነው።

ዩኒሴፍ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ የመቀንጨር ዕድላቸው በ34 በመቶ፣ የአጣዳፊ መተንፈሻ ሕመም ምልክት የማሳየት ዕድላቸው በ53 በመቶ ይበልጣል። እግሩ ያልጸና ልጅ ሳንባው ለምን ይታመማል?

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምግብ ላይ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (የአንጎል ጉዳት የሚያመጣው የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት ልጅ የአፉና የጉሮሮው ጡንቻ ብዙ ጊዜ አይታዘዝለትም። በጀርባው ተኝቶ አጥሚት ሲጠጣ ጥቂቱ ወደ ሳንባው ይወርዳል። አንዳንዱን ትን ይለዋል፤ አንዳንዱ ሳያስለው ስለሚገባበት ማንም አያውቅም፤ የሳንባ ምች ግን ይመላለስበታል። ገንፎውን ማጉረስ አንድ ሰዓት ሲፈጅ፣ ውኃ መቅዳቱና እንጀራ መጋገሩ የሚጠብቃት እናት የቻለችውን ያህል አጉርሳ ትነሣለች። ልጁ ይከሳል፤ የከሳ ልጅ ደግሞ የሳንባ ምቹን አይቋቋምም። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ጠጋ ማድረግ፣ ቀጭኑን ፈሳሽ ማወፈር፣ በትንሽ በትንሹ መስጠት ብዙውን ይቀንሳል። ይህን የሚያሳያት ሰው አለማግኘቷ ያሳዝነኛል።

ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ፤ የታይሮይድና የጆሮ ችግርም ይበዛባቸዋል። ሆኖም ልጁ ሲደክም «ተፈጥሮው ነው» ይባላል። የማይናገር ልጅ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ሲያጋጭም «ኦቲዝሙ ነው» ብለን እናልፋለን። ጥርሱን አይተናል? ጆሮው መግል ይዞ እንደሆነስ? የሆድ ድርቀትስ? «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» እየተባለ የመስማት ምርመራ ሳይደረግለት ዓመታት ያለፉበት ልጅ ጥቂት አይደለም።

የእናቲቱም ጤና ከልጁ ጤና አይነጠልም። የጎረቤት ወሬ ፈርታ ልጇን ከቤት የማታወጣ እናት የክትባት ቀን ያልፋታል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ የታገሉት ይህን መደበቅ ጭምር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ላሉ ልጆች ወላጆችና አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም እዚሁ አገራችን ተሞክሯል፤ ወደ ጤና ኬላዎች መውረድ አለበት።

እናንተ የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣላችሁ እንደማንኛውም ልጅ መዝኑት፣ አፉንና ጆሮውን እዩለት፣ ሲበላ ተመልከቱት። እናቱንም ሌሊት እንቅልፍ ታገኝ እንደሆነ ጠይቋት።