የዲፖዚት ገንዘብ የማን ሐቅ ነው?

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ በሚንበር ላይ እምብዛም የማይነሳ፣ በየቤታችን ግን ብዙ ቅሬታ የሚያስነሳ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። እርሱም ቤት ስንከራይ በመያዣነት የምንሰጠው፣ ሁላችንም ዲፖዚት እያልን የምንጠራው ገንዘብ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከምንኖረው ወገኖች ብዙዎቻችን ኑሮ የጀመርነው የሌላ ሐበሻ ቤዝመንት ተከራይተን ነው። ቤት የገዛው ወንድማችንም የባንክ ዕዳውን የሚደጉመው ከዚያው ኪራይ ነው። አከራይና ተከራይ በአንድ ሰፍ ይሰግዳሉ፤ በረመዷን አብረው ያፈጥራሉ። ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ ከወጣ በኋላ ግን "ለቀለም ይህን ያህል፣ ለጽዳት ይህን ያህል ቆርጫለሁ" የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ከዚያ ሰላምታ ይቀራል፤ አንደኛው ሌላ መስጂድ መሄድ ይጀምራል። ለሽምግልና ከሚቀርቡልን ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ልንረዳው የሚገባን ነገር ቢኖር ዲፖዚት የአከራዩ ገቢ አለመሆኑን ነው። ኪራይ የቤቱ ዋጋ ስለሆነ የአከራዩ ሐቅ ነው። ዲፖዚት ግን የተከራዩ ገንዘብ ሆኖ አከራዩ ዘንድ የተቀመጠ ነው። አከራዩ ገንዘቡን ለራሱ ጉዳይ አውሎት ከሆነ በአንገቱ ላይ ያለ ዕዳ ነው። ስለዚህ ከዚህ ገንዘብ የሚቆርጥ ሰው ከራሱ ኪስ ሳይሆን ከወንድሙ ኪስ እየወሰደ መሆኑን ይወቅ። ለእያንዳንዱ ዶላርም ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ምክንያት የሚሆነው ምንድን ነው? ዑለሞቻችን በኢጃራ (በኪራይ) ምዕራፍ እንዳስተማሩት፣ በተከራየው ንብረት ላይ የተከራዩ እጅ የአማና እጅ ነው። ቤቱ በአግባቡ ሲኖርበት ቢያረጅ ተከራዩ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ድንበር አልፎ ወይም ችላ ብሎ ሲያበላሽ ነው። ሦስት ዓመት የተኖረበት ቤት ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ምንጣፉ መተላለፊያው ላይ ይሳሳል፤ የበር እጀታ ይላላል። ይህ ሁሉ የመኖር ውጤት ነው፤ ዋጋውም በየወሩ በኪራዩ ውስጥ ሲከፈል ቆይቷል። ተከራይ በወጣ ቁጥር ቤቱን በእርሱ ገንዘብ ማደስ ኪራዩን ሁለት ጊዜ መቀበል ነው።

በሌላ በኩል ቡና ሲፈላ ከሰል ወድቆ ምንጣፉን ቢያቃጥል፣ ልጆች በር ቢገነጥሉ፣ ቧንቧ እያፈሰሰ ለአከራዩ ሳይነገር ወለሉ ቢበሰብስ ይህ እርጅና አይባልም፤ ተከራዩ ሊክስ ይገባዋል። የካሳው መጠን ግን የጠፋው ንብረት ዋጋ እንጂ የአዲስ ዕቃ ዋጋ አይደለም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1,000 ዶላር የተነጠፈ፣ አሥር ዓመት ያገለግላል የሚባል ምንጣፍ በስምንተኛው ዓመቱ መጨረሻ ተቃጠለ እንበል። የቀረው ዋጋ 200 ዶላር ገደማ ነው። አከራዩ 1,000 ዶላር ቢቆርጥ 800ውን ያለ ሐቁ ወስዷል።

ጽዳትም እንደዚሁ ነው። ቤቱን ጽዱ አድርገው ያስረከቡት ተከራይ ጽዱ አድርጎ መመለስ አለበት። ዘይትና በርበሬ የጋገረበትን ምድጃ፣ ያልታጠበ መጸዳጃና የቆሻሻ ከረጢት ጥሎ የወጣ ሰው የጽዳት ዋጋ ሲቆረጥበት ተበደልኩ ሊል አይችልም። አጥቦና ጠርጎ የወጣውን ግን "የጽዳት ሒሳብ ለሁሉም ያው ነው" ብሎ መቁረጥ ግልጽ በደል ነው።

የምንኖርበት አገር ሕግም በዚህ ላይ ከሸሪዓችን ብዙ አይርቅም። በዲሲም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም በአግባቡ በመኖር ለመጣ እርጅና ከዲፖዚት መቁረጥ አይፈቀድም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አከራዩ በ45 ቀናት ውስጥ የቆረጠውን በዝርዝር ጽፎ ቀሪውን መመለስ አለበት። በዲሲ ደግሞ በ45 ቀናት ውስጥ ገንዘቡን ይመልሳል ወይም ሊቆርጥ ማሰቡን በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ካሳወቀ በኋላም በ30 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን ይሰጣል። ተከራዩ እንግሊዝኛ ስለማይችል ወይም ሕጉን ስለማያውቅ ይህን የሚያስቀርበት ሙስሊም፣ ወንድሙን ከአደጋ ሊጠብቀው ሲገባ በድካሙ ተጠቅሞበታል።

ተከራዮችም ራሳችንን እንመርምር። "ከዲፖዚቱ ይያዘው" ብለን የመጨረሻውን ወር ኪራይ ሳንከፍል የምንወጣ አለን። አከራዩ ካልተስማማ ይህ ውል ማፍረስ ነው። የተቃጠለውን ምንጣፍ በአልጋ ሸፍነን ቁልፍ የምናስረክብም አለን። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ሻጩን አጥብቀው መገሠጻቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ሻጋታውን በቀለም ሸፍኖ የሚያከራይም፣ ጥፋቱን ሸፍኖ የሚወጣም ከዚያ ክምር ሥር ያለውን እርጥብ እህል ያስታውስ።

መፍትሔው የሚጀምረው ከመግቢያው ቀን ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ግን "ሐበሻ ለሐበሻ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል" እንላለን። ወረቀት አለመተማመን አይደለም፤ ወንድማማችነትን ከሸይጣን የሚጠብቅ አጥር ነው። ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን ሁለቱም ክፍል በክፍል ይዙሩ፤ የተሰነጠቀውን፣ የቆሸሸውን ይጻፉ፤ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ሁለቱም ይፈርሙ። በመውጫውም ቀን ያንኑ ወረቀት ይዘው አብረው ይዙሩ።

ይህ ሳይሆን ቀርቶ ክርክር ቢነሳስ? ተከራዩ ዝርዝርና ደረሰኝ ይጠይቅ። የሚያምንበትን ይቀበል፤ የማያምንበትን ከነምክንያቱ ጽፎ ይላክ። መልስ ካጣ በሁለቱም ዘንድ የሚታመን ሽማግሌ ይግባ። ይህም ካልሆነ ለአነስተኛ ገንዘብ ክርክር የተዘጋጀ ችሎት አለ፤ ያለ ጠበቃ ማመልከት ይቻላል። ሐቅን በሥርዓት መጠየቅ ወንድምነትን ማፍረስ አይደለም።

ለእኛ ለሸምጋዮችም የምንናገረው አለ። ብዙ ጊዜ ተበዳዩን "ወንድምህ ነው፣ ለአላህ ብለህ ተወው" እንለዋለን። ይቅርታ ትልቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን ይቅር የሚለው ባለሐቁ በገዛ ፈቃዱ ነው። ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ያደረ አባት ለልጆቹ ያጠራቀመውን ገንዘብ በይሉኝታ አስጥለን "ሱልሕ አደረግን" ብንል ሱልሕ ሳይሆን በደልን ማጽደቅ ነው። አስቀድመን ሐቁን ለይተን እንናገር፤ ከዚያ በኋላ ይቅርታን እንለምን።

በመጨረሻም አንድ ታሪክ እናስታውስ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ሁለት ሰዎች በቆየ ውርስ ተጣልተው፣ ማስረጃ ሳይኖራቸው ወደ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። እርሳቸውም ሰው መሆናቸውን፣ ከተከራካሪዎች አንዱ በንግግር ሊበልጥ እንደሚችል፣ በዚህ ምክንያት የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው ግን የወሰደው ከእሳት የተቆረጠ ቁራጭ መሆኑን ነገሯቸው። የዚህ ሐዲስ መሠረት በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ሁለቱ ሰዎች አለቀሱ፤ እያንዳንዳቸውም ሐቄ ለወንድሜ ይሁን አሉ። መልእክተኛውም በትክክል እንዲካፈሉና ይቅር እንዲባባሉ አዘዟቸው።

ይህን በራሳችን ጉዳይ እንመልከተው። በሜሪላንድ ሕግ አከራዩ ዝርዝሩን በ45 ቀናት ውስጥ ካልላከ ለጥፋት የመቁረጥ መብቱን ያጣል። ምንጣፉን ያቃጠለ ተከራይ በ46ኛው ቀን ችሎት ቢቀርብ ሊረታ ይችላል። አላህ ዘንድ ግን የምንጣፉ ዋጋ በአንገቱ ላይ ነው። አከራዩም ደረሰኝ አሳምሮ ዳኛውን ቢያሳምን ያልተበላሸውን ተበላሸ ማለቱን አላህ ያውቃል። ዳኛው የሚፈርደው በሰማው ነው። ያ ቤት ስንገባበትና ስንወጣበት ምን ይመስል እንደነበር የምናውቀው እኛው ነን።

እንግዲህ ዛሬ በእጃችን የወንድማችን ዲፖዚት ካለ ሒሳቡን አውጥተን እንየው። ያለ ሐቅ የቆረጥነው ካለ እንመልስ። ሳንናገር ሸፍነነው የወጣነው ጥፋት ካለ ደውለን እንናገር። አላህ ሐላሉን የሚያብቃቃን፣ ከሐራም የሚጠብቀን፣ በመካከላችን ያለውን የሚያስተካክልልን ይሁን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።