ባትሪ ግሪፕ፦ መግጠም ሌላ፣ መቀየር ሌላ

ሰርግ በሚያነሱ ባለሙያዎች ካሜራ ሥር የተገጠመ ወፍራም እጀታ አይታችሁ ይሆናል። ባትሪ ግሪፕ ይባላል። ተጨማሪ ባትሪ ይይዛል፤ ካሜራው በቁም ሲያዝም የራሱ የማንሻ ቁልፍ አለው።

በግሪፖች መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው ባትሪ ሲቀየር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የወጡ ሁለት ካሜራዎችን እንይ። የካነን 5ዲ ማርክ 2 ግሪፕ ሲገጠም የካሜራው ባትሪ ይወጣል፣ የባትሪ ክዳኑ ይነቀላል፣ የግሪፑም ዘንግ በባትሪው ቦታ ይገባል። ጣጣ አለው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱም ባትሪዎች ግሪፑ ውስጥ ባለ አንድ መሳቢያ ላይ ናቸው፤ ስቦ ማውጣት፣ ቀይሮ መመለስ ብቻ ነው።

የኒኮን ዲ700 ግሪፕ፣ ኤምቢ-ዲ10፣ ግን አንዱን ባትሪ ካሜራው ውስጥ ይተወዋል። ግሪፑ ቢወልቅም ካሜራው መሥራቱን ይቀጥላል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የውስጡ ባትሪ ሲያልቅ ግን ግሪፑን ፈትቶ ማውለቅ ግድ ነው። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ ይህ ቢደርስ አስቡት! ለዚህም ነው ካሜራው አስቀድሞ የግሪፑን ባትሪ እንዲጠቀም ተደርጎ የተሠራው። ቅደም ተከተሉን ከሜኑው መለወጥ ይቻላል፤ እኔ ግን እንዳለ ተዉት እላለሁ።

ለረጅም ዝግጅት የካነኑን አሠራር እመርጣለሁ። ያገለገለ ግሪፕ የምትገዙ ከሆነ፣ የባትሪ መሳቢያው ተነጥሎ የሚወጣ በመሆኑ አብሮ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።