መንገድ የጋራ ነው
ስለ ብስክሌት ነጂዎች ደኅንነት ለሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት የተደረገ ንግግር



ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ችግኝና ስለ ጤና ስንነጋገር ቆይተን ዛሬ ስለ ብስክሌት መነሣቱ ለአንዳንዶቻችን አነስተኛ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና ሜዳማ በሆኑ ሌሎች ከተሞቻችን ብስክሌት የተማሪው እግር፣ የሠራተኛው መጓጓዣ፣ የአነስተኛ ነጋዴው ትከሻ ነው። ዲያቆኑ ወደ አገልግሎት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣት ወደ መዝሙር ጥናት የሚመጣው ብዙ ጊዜ በእርሱ ነው። ስለዚህ የብስክሌት ነጂው ሕይወት ከቅጥራችን ውጭ ያለ ጉዳይ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሞተዋል። ከእነዚህ መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደልም ይህ አደጋ ቀዳሚው ምክንያት ነው። ይህ ዕድሜ የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ዕድሜ መሆኑን ልብ ይሏል።

አንዳንድ ወላጆች መፍትሔው ልጆችን ከብስክሌት መከልከል ነው ይላሉ። ሥጋታቸውን እንረዳለን፤ ሐሳባቸውን ግን አንቀበልም። ለታክሲ የሚከፍለው የሌለው ወጣት ብስክሌቱን ሲነጠቅ ትምህርቱ ወይም ሥራው ይሰናከላል። የሚሻለው መንዳትን ሳይሆን በሕግና በጥንቃቄ አለመንዳትን መከልከል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ብስክሌት ተሽከርካሪ መሆኑን እናስተምር። ነጂው እንደ መኪና አሽከርካሪ ለትራፊክ መብራት፣ ለመንገድ ምልክትና ለትራፊክ ፖሊስ ይታዘዛል፤ በአገራችንም ሕግ በቀኝ በኩል ይጓዛል። ብዙዎች ግን «የሚመጣውን መኪና ባየው ይሻላል» በማለት በተቃራኒ አቅጣጫ ይነዳሉ። ይህ ለእግረኛ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ለብስክሌት ነጂ ግን አደገኛ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌትና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፊት ለፊት ሲመጡ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይቀራረባሉ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ግን የፍጥነታቸው ልዩነት 25 ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በመስቀለኛ መንገድ የሚታጠፍ አሽከርካሪ በተቃራኒ የሚመጣ ብስክሌት ይኖራል ብሎ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ምክር መታየት ነው። ነጂው ከመታጠፉ በፊት ወደ ኋላ ይመልከት፤ እጁንም ዘርግቶ አቅጣጫውን ያሳይ። በቆሙ መኪኖች አጠገብ ሲያልፍ በር በድንገት ቢከፈት እንዳይመታው አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። በትልቅ የጭነት መኪና ቀኝ ጎን ፈጽሞ አይጠጋ፤ አሽከርካሪው በዚያ በኩል ያለውን ነጂ ሳያይ ሊታጠፍበት ይችላልና። ከማኅሌት በፊት በሌሊት ወይም ከሠርክ ጸሎት በኋላ በጨለማ የሚጓዝ ሰው ከፊትና ከኋላ መብራት ያስፈልገዋል። ነጭ ነጠላ በጨለማ ይታያል፤ ነገር ግን ጫፉ ወደ ጎማ ወይም ወደ ሰንሰለት ከገባ ነጂውን ይጥላልና ከመንዳት በፊት በሚገባ ይታሰር። የራስ ቁር የተገኘለት ያድርግ፤ ፍሬን የማይዝ ብስክሌት ግን እስኪጠገን ከቤት አይውጣ።

ሸክሙን ሁሉ በነጂው ላይ መጣል ግን ፍትሕ አይደለም። ከመካከላችን መኪና፣ ባጃጅና የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩ ምእመናን ብዙ ናቸው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ30 ግን 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ባለው ቅጽበት ልዩነቱ የአንድ ልጅ ሕይወት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሽከርካሪው ብስክሌትን ሲቀድም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቅ፤ ቦታ ከሌለም ይታገሥ። በር ከመክፈቱ በፊት ወደ ኋላ ይመልከት። በአዲስ አበባ እንደ ተሠሩት ያሉ የብስክሌት መስመሮች ባሉበትም መኪናውን በላያቸው አያቁም።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው ወድቆ እንዳይሞት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ጥንቃቄ የእምነት ማነስ ሳይሆን ለሌላው ሕይወት የምንከፍለው ዕዳ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አራት ነገሮችን እንዲፈጽም እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከስብከት በኋላ በሚነገረው ማስታወቂያ ለነጂዎችም ለአሽከርካሪዎችም ምክሩ ይተላለፍ። ሁለተኛ፣ በሰበካው የሚገኙ ብስክሌት ጠጋኞች በወር አንድ ቀን የተማሪዎችን ፍሬንና መብራት እንዲያዩ ይጋበዙ። ሦስተኛ፣ መንገዱ እንዳይዘጋ በቅጥሩ ውስጥ ለብስክሌት ማቆሚያ ቦታ ይለይ። አራተኛ፣ ሕዝብ በብዛት በሚወጣባቸው ክብረ በዓላት በር ላይ ትራፊክ የሚያስተናግድ እንዲመደብ አስቀድሞ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ምክክር ይደረግ።

ከእነዚህ አብዛኞቹ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። አንድ የፍሬን ላስቲክ ለመለወጥ የሚወጣው ወጪ ለቀብር ከሚወጣው ጋር አይነጻጸርም። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ጉዳዩን በአጀንዳ ያዙልን፤ ኃላፊም መድቡለት።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና።