ራስ ምታትና ዕንቅልፍ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ በተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሕመም መናገራችን ያለ ቦታው የገባ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየክፍሉ ራሱን አስሮ፥ ዓይኑን ከብርሃን ሸሽጎ የሚቀመጥ ተማሪ አይጠፋም። ለዚህም ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስም «ሰነፍ» የሚል ነው። እኛም ዛሬ የተነሣነው ይህ ስም እንደማይገባው ለማስረዳት ነው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በአገራችን ቤት ለቤት አጥንተው በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከ100 ጎልማሶች 18 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን የሚባለው ብርቱ ራስ ምታት እንደሚይዛቸው ገልጸዋል። ሕመሙም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነትና በጉርምስና ነው።

ራስ ምታትና ዕንቅልፍ ማጣት አንዱ ሌላውን ይጠራል። ዕንቅልፍ ያጣ ራሱን ያመዋል፤ ራሱን ያመመውም ዕንቅልፍ ያጣል። ያጣውን ቀን ተኝቶ ለመካስ ቢሞክር ሌሊቱ ዓይኑ እንደ ፈጠጠ ይነጋል። ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆነ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ይሁን እንጂ በጉርምስና ጊዜ ዕንቅልፍ በተፈጥሮው ዘግይቶ ይመጣል። በዚህ ላይ ከገጠር መጥተው በደብረ ሲና ቤት ተከራይተው የሚማሩ ጓደኞቻችን እራታቸውን አብስለው፥ አጥንተው ጋደም ሲሉ፥ ወደ ደሴ የሚያልፈው የጭነት መኪና ይቀሰቅሳቸዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ የመኝታና የመነሻ ሰዓታችን በሰንበትም ቢሆን አይለዋወጥ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝቶ በ12 ሰዓት የሚነሣ 9 ሰዓት ተኝቷል ማለት ነው። ሁለተኛ፥ ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅርብን፤ ስልክም ከመኝታችን ይራቅ። ሦስተኛ፥ ቁርስ ሳንበላ አንምጣ፤ የአገራችን ቆሎ እንኳ ከባዶ ሆድ ይሻላል። አራተኛ፥ ክኒን አናዘውትር። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። አምስተኛ፥ ያመመንን ቀንና የተኛንበትን ሰዓት በደብተር ጽፈን ለሐኪም እናሳይ። ከዕንቅልፍ የሚቀሰቅስ፥ ጧት ጧት የሚያስመልስ፥ ወይም ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት ራስ ምታት ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ የማታውን ሥራ ለአንድ ልጅ ብቻ አታሸክሙ። መምህሮቻችን ሆይ፤ በክፍል ያንቀላፋውን ከመቅጣታችሁ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ጠይቁት። ምናልባት ሰነፍ ያላችሁት ልጅ ከሁላችን ይልቅ ታግሎ የመጣ ይሆናል።