ጨው ሲይዝ የሚበራ መብራት

(በቀበሌ ንባብ ቤት ለጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



በሐሩር ሲያርስ የዋለ ሰው ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ያያል። ያ ነጭ ነገር ጨው ነው። ላብ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። እንግዲህ ጨው ያለው በወጥ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በሰውነታችን፣ በደማችንም ውስጥ አለ። ከብት ጨው ካልላሰ ምን እንደሚሆን እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ።

በደም ውስጥ ካሉት የጨው ዓይነቶች ዛሬ ሁለቱን ብቻ አነሣለሁ። አንዱ ሶዲየም ይባላል፤ የምንበላው ጨው ውስጥ ያለው ነው። ሁለተኛው ፖታሲየም ነው፤ በድንችና በሙዝ ውስጥ ይገኛል። ፖታሲየም በደም ውስጥ ከልኩ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል። አንዳንዴም ልብ ቀጥ ትላለች። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ልጅ የሚደክመው ውሃው ብቻ ስላለቀ አይደለም፤ ከውሃው ጋር እነዚህ ጨዎችም አብረው ስለሚወጡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ምንም መሣሪያ አይጠበቅም። በ1 ሊትር ንጹሕ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣትና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ማንኪያው የተቆለለ አይሁን፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል።

ታዲያ ሐኪሙ በበሽተኛው ደም ውስጥ ያለው ጨው ስንት እንደሆነ በምን ያውቃል? ቀምሶ አይደል! ጨው እሳት ላይ ሲበተን ነበልባሉ ቢጫ እንደሚሆን ያየ ሰው ይኖራል። ያ ቢጫ የሶዲየም ምልክት ነው። ሐኪም ቤቶች ደምን አቅጥነው በጋዝ ነበልባል ላይ እየረጩ፣ የነበልባሉን ቀለም በመሣሪያ እየለኩ ብዙ ዘመን ሠርተዋል። በኋላም በኤሌክትሪክ የሚለካ ዘዴ መጣ። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ሌላ መንገድ ነው፤ ይኸውም ጨው ሲይዝ ራሱ የሚበራ ንጥረ ነገር ስለ ሠራ አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው ፕራሳና ደ ሲልቫ ይባላል። የስሪ ላንካ ተወላጅ ነው። ስሪ ላንካ ከህንድ በታች ያለች፣ ዙሪያዋን ባሕር የከበባት፣ ሩዝና ሻይ የሚበቅልባት አገር ናት። በኮሎምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ከተማ፣ ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ጨርሶም አገሩ ገብቶ ኮሎምቦ አስተማረ። በ1983 በስሪ ላንካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በ1985 እዚያው ኮሎምቦ ሳለ፣ የፈሳሽን ኮምጣጣነት በብርሃን የሚናገር ንጥረ ነገር ሠርቶ ጽሑፉን አሳተመ። በ1986 ደግሞ ቤልፋስት ተመለሰ። ቤልፋስትም ብትሆን በዚያን ጊዜ ሰላም አልነበራትም፤ ስምምነት የተደረሰው በ1998 ነው። ሥራው የተሠራው እንዲህ ባሉ ሁለት ከተሞች ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። እስቲ ይህን አስቡ። አንድ ልጅ ኩራዝ አጠገብ ተቀምጧል። አፉ ባዶ ከሆነ እፍ እያለ ኩራዙን ያጠፋዋል፤ የልጅ ነገር! አፉ ሙሉ ዳቦ ከጎረሰ ግን እፍ ማለት አይችልም። ኩራዙ በርቶ ይቆያል። ደ ሲልቫ የሠራው ይህንኑ ነው። በዓይን ለማየት እጅግ ትንሽ የሆነ፣ ሞለኪውል የሚባል ነገር ውስጥ ሦስት ክፍል አበጀ። አንዱ መብራት ነው፤ ጨረር ሲያርፍበት መልሶ ብርሃን ይሰጣል። ሁለተኛው ጨው የሚጎርስ አፍ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን አራርቆ የሚያያይዝ አጭር ማገናኛ ነው። አፉ ባዶ ሲሆን ኤሌክትሮን የምትባል ቅንጣት ከአፉ ዘልላ መብራቱን ታጠፋለች። ጨው ሲጎርስ ቅንጣቷ ትያዛለች፤ መብራቱም ይበራል።

አፉን የሠራለት ሌላ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ቻርልስ ፔደርሰን የተባለ፣ በኮሪያ ተወልዶ በአሜሪካ ፋብሪካ የሚሠራ ኬሚስት፣ ሌላ ነገር ሲያዘጋጅ ከሥራው ጥቂት ነጭ ቅንጣት ተረፈችው። ከ100 እጅ ግማሽ እጅ እንኳ አትሞላም። እሱ ግን አልደፋትም፤ መረመራት። ቀለበት ሆና ተገኘች፤ ጨውን በቀለበቷ መካከል ታስቀምጣለች። በ1967 አሳወቀ፣ ስሟንም ዘውድ አላት። ሰፊው ቀለበት ለፖታሲየም፣ ጠበብ ያለው ለሶዲየም ይስማማል። ፔደርሰን በ1987 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ሞለኪውል መሥራት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሚሠራው በእርከን ነው፤ አንዱን ከሌላው እያያያዙ፣ እያጠሩ፣ እያደረቁ። በየእርከኑም ይባክናል። ከአጨዳ፣ ከውቂያ፣ ከማበጠር፣ ከጎተራም ላይ እህል እንደሚቀንሰው ማለት ነው። ለምሳሌ በ100 ጀምራችሁ በየእርከኑ 80 እጁ ብቻ ቢተርፋችሁ፣ ከ5 እርከን በኋላ በእጃችሁ የሚቀረው 33 ያህል ነው። ስለዚህ ኬሚስት የሚያሰኘው ማሰብ ብቻ አይደለም፤ ትዕግሥትም ነው፣ ዕቃ ማጠብም ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የአጨባበጡ ጉዳይ ነው። ጨውን አጥብቆ የሚይዝ አፍ የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። ቤቱ ውስጥ 100 ልጆች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ በየኩራዙ አጠገብ ነው። የያዙትን ፈጽሞ የማይለቁ ከሆኑ ትንሽ ዳቦ ሲመጣ ሁሉም ጎርሰው ይቀመጣሉ፣ ኩራዙም ሁሉ ይበራል። ከዚያ በኋላ ዳቦ ቢጨመር ልዩነቱ አይታወቅም። በደም ውስጥ ሶዲየም ብዙ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ላላ አድርጎ የሚይዝ፣ እየጎረሰ እየለቀቀ የሚሄድ አፍ ነው። ያን ጊዜ ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ይጠፋል፤ ሶዲየም ሲጨምር የሚበራው ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል። መለካት ማለት ይህ ነው።

ፖታሲየም ላይ ችግሩ ተገለበጠ። በደም ፈሳሽ ውስጥ ለ1 ፖታሲየም 30 ያህል ሶዲየም አለ። እንክርዳድ የበዛበት ማሳ ውስጥ ስንዴውን ብቻ መቁጠር ነው። ለዚህ ቀለበት አልበቃም፤ ፖታሲየምን ከየአቅጣጫው የሚከብብ፣ ቅርጫት የመሰለ አፍ አስፈለገ።

በደ ሲልቫ ንድፍ ላይ ተመሥርተው የአሜሪካ የመሣሪያ ባለሙያዎች የሠሩት ለኪ፣ አሠራሩ በ2003 ታተመ። መብራቱ ሰማያዊ ብርሃን ተቀብሎ አረንጓዴ ይመልሳል። ጥቂት የደም ጠብታ ትንሽ ካሴት ውስጥ ይገባል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሶዲየሙ፣ ፖታሲየሙና ካልሲየሙ በቁጥር ይወጣል። መሣሪያው ከቦታ ቦታ የሚወሰድ ስለሆነ በሐኪም ቤትም በአምቡላንስም ሠርቷል። ልቡ ተዛብቶ በመንገድ ላይ ላለ ሰው አንድ ሰዓት መጠበቅና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ አንድ አይደሉም።

ደ ሲልቫ በዚህ አልቆመም። የዕድር ሳጥን ሁለት ቁልፍ ሲኖረው፣ አንዱ ዳኛው ዘንድ፣ ሌላው ገንዘብ ያዡ ዘንድ ይሆናል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። በ1993 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ያሳተመው ሞለኪውል እንደዚያ ነው። ሶዲየም ብቻ ቢመጣ አይበራም። አሲድ ብቻ ቢመጣም አይበራም። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ይበራል። ኮምፒዩተር የሚባለው መሣሪያ የሚያስበው እንዲህ ባለ ፍርድ ስለሆነ፣ ብዙ ተመራማሪዎች ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ ተከትለዋል። በ2006 ደግሞ ሦስት ቁልፍ ያለው ወጣ፤ ሶዲየም፣ አሲድና ዚንክ ሦስቱም ከተገኙ ብቻ የሚበራ። ይህ የመጨረሻው የቀረበው በናሙናነት ነው። ሐኪም ቤት የገቡት ግን እያንዳንዱን ጨው ለየብቻው የሚቆጥሩት ናቸው።