ዘላይ አስቀድሞ ሯጭ ነው



በሜዳችን የርዝመት ዝላይ የሚለማመዱ ብዙ ጓደኞች በየማታው ሲዘሉ ያመሻሉ፤ ጉልበታቸው ሲያብጥም «አልተፈጠርሁበትም» ብለው ይተዉታል። ስሕተቱ ግን ከልምምዱ እንጂ ከተፈጥሮአቸው አይደለም።

ጄሲ ኦወንስ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ካርል ሉዊስም በ1984 በኦሊምፒክ የ100 ሜትርን ሩጫና የርዝመትን ዝላይ አጣምረው ማሸነፋቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ርቀቱ የሚገኘው ከመንደርደሪያው ፍጥነት ነው። እግር የመነሻውን ሰሌዳ የሚረግጠው ለሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ክብደት በማንሣት የተገኘ ጉልበትም ፈጥኖ ካልወጣ አይጠቅምም።

እንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ከ30 እስከ 60 ሜትር በሙሉ ኃይላችን እንሩጥ፤ በየመካከሉም ጥቂት ደቂቃዎች እንረፍ። በአንድ እግር መንጠሩና ሙሉ ዝላዩ ጥቂት ይሁን፤ ባልደከመ እግርም ይሠራ። የደከመ እግር የሚማረው ዝግታን ነውና፣ ማረፍን እንደ ስንፍና አንቍጠረው።