ሽማግሌው ሳሉ እንጠይቃቸው
(በሬዲዮ የተላለፈ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ረጅም ዕድሜ ስለኖሩ፣ ለአገራቸው ስለዘመቱና በገጠር ትልቅ ቤተሰብ አቁመው ስላለፉ አባቶች ነው። ለዚህም ጫጫን መነሻ አድርገናል። ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስንጓዝ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ፣ በአንጎለላና ጠራ ወረዳ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ገብስና ባቄላ ይዘራባታል፤ በግ ይረባባታል፤ ብርዷም የታወቀ ነው። ዛሬ ተሳፋሪ በመስኮት እያየ የሚያልፍበት ይህ የደሴ መስመር ራሱ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ተራራውን የሚበሳው ዋሻ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። መንገዱ የተጠረገው ጦር እንዲመላለስበት ሲሆን፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት ገደላገደሎች ደግሞ አርበኛው ነበረ።

የአንድ ሰው ስም ጠርተን አንናገርም። የምንናገርላቸው አባት በብዙ ቤት የነበሩ አባት ናቸው። የተወለዱበትን ቀን የጻፈላቸው የለም። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲገባ ከብት እጠብቅ ነበር» ወይም «ጣሊያን ሲወጣ ጢሜ ወጥቶ ነበር» ይላሉ። በወጣትነታቸው ምንሽር ተሸክመው፣ በሶና ቆሎ ይዘው ቆላ ወርደዋል፤ ደጋ ወጥተዋል። ሲመለሱ ሞፈርና ቀንበራቸውን አንሥተው አረሱ፤ አገቡ፤ ወለዱ፤ ዳሩ፤ ኳሉ። ጎረቤት ሲጣላ አስታረቁ፤ ድንበር ሲገፋ «የአባቶቻችን ድንጋይ እዚህ ነው» ብለው መሰከሩ። በእርጅናቸው ጊዜ በርኖሳቸውን ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። የልጅ ልጆች በአጠገባቸው ይሮጣሉ፤ ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። አንድ ቀን ይሞታሉ። በለቅሶው ላይ «ስንት ታሪክ ይዘው ሄዱ!» እንላለን። ይህችን ቃል ሁላችንም ብለናታል። ዛሬ ልንነጋገርባት የፈለግነውም ይህችን ቃል ነው።

አድማጮቻችን፣ ታሪክ ይዘው የሚሄዱት እኛ ሳንቀበላቸው ስንቀር ነው። ይዘውት የሚሄዱትም ትንሽ ነገር አይደለም። የሰሜን ሸዋን ታሪክ እንመልከት። የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በዚህ አገር ሰው ዝም ብሎ አልተገዛም። በ1930 ዓ.ም. በውጊያ የወደቁት ኃይለማርያም ማሞ የዚሁ ምድር ሰው ነበሩ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትምህርት ቤት በስማቸው ተሰይሟል። ራስ አበበ አረጋይ ደግሞ እስከ ነጻነት ድረስ በሸዋ ተዋግተዋል። እነዚህን መጽሐፍ ጽፎላቸዋል። ከኋላቸው የተሰለፈውን ገበሬ ግን ቤተሰቡ ካልሆነ የሚያስታውሰው የለም።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለ ስፍራ፣ ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞች፣ በሴቶች፣ በሕፃናትና በቁስለኞች ላይ የጣሊያን ጦር የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ። እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። የአካባቢው ሰው ዋሻውን «አመጸኛ ዋሻ» ይለዋል። በ1998 ዓ.ም. ገደማ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ይህን የሚናገር የጦሩን ሰነድ ሮም ላይ አገኘ። ልብ እንበል! ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ከስልሳ ዓመት በላይ ተኝቷል፤ የዋሻው ስም ግን በገበሬው አፍ ላይ ነቅቶ ቆይቷል። ወረቀቱ ሲወጣ የሽማግሌዎቹን ቃል አጸና እንጂ አዲስ ነገር አልነገራቸውም።

ስለ ሙስሊሙም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ፋሺስቱ ሕዝቡን በሃይማኖት ከፋፍሎ ለመግዛት ሲል ለሙስሊሙ መስጊድ ይሠራ ነበር፤ ለሐጅ ተጓዦችም ድጋፍ ይሰጥ ነበር። የተሰጠውን ተቀብሎ ያደረ ነበረ፤ እምቢ ብሎ የተዋጋም ነበረ። ሶማሌው ዑመር ሰመተር በ1918 ዓ.ም. ኤል ቡር ላይ ጣሊያንን ወግቶ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ፤ ጦርነቱ በመጣ ጊዜም በኦጋዴን ግንባር ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። እንዲህ ያለ አባት በቤታችን ካለ፣ የተዋጋው ጠላትን ብቻ ሳይሆን የቀረበለትን ጥቅምም ነው። ይህን ከእርሱ አፍ ካልሰማን ሌላው በፈለገው መንገድ ይተርክልናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መንገዱን ሰለፎቻችን አሳይተውናል። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሞቱ ዐብደላህ ኢብን ዐባስ ገና ልጅ ነበር። አንድ የአንሷር ጓደኛውን ሰሓቦች ዛሬ ብዙ ናቸውና ሄደን እንጠይቃቸው አለው። ጓደኛው ይህ ሁሉ ታላቅ ሰው እያለ ሰው አንተን ይፈልጋል ብለህ ታስባለህን ብሎ ተወው። ኢብን ዐባስ ግን ተነሣ። አንድ ሰሓባ ዘንድ ሐዲስ እንዳለ ሲሰማ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ሰውዬው በቀትር ተኝቶ ከሆነ አይቀሰቅሰውም፤ ልብሱን ተንተርሶ፣ ነፋስ አቧራ እያለበሰው በደጃፉ ይጠብቃል። ዓመታት አለፉ፤ ታላላቆቹም አለፉ። ሰው ሁሉ ኢብን ዐባስን ከብቦ ሲጠይቀው ያ ጓደኛው አየና ይህ ወጣት ከእኔ ይልቅ አስተዋይ ነበር አለ።

አስተውሉ፤ ኢብን ዐባስ የጠበቀው በባዕድ ደጅ ነው። የእኛ ሽማግሌ ግን እቤታችን ውስጥ ናቸው!

አሁን ቁጥሩን እናስላ። በ1928 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ በ2018 ዓ.ም. ቢኖር 105 ዓመቱ ነው። በ15 ዓመታቸው ዱር የገቡት፣ «የበጋው መብረቅ» የተባሉት ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በ2009 ዓ.ም. አልፈዋል። የዚያ ትውልድ ደጃፍ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። በ1943 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ የዘመተ ዛሬ 95 ዓመቱ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ወደ ኦጋዴን የሄደው ግን ገና ወደ 70 እየተጠጋ ነው። እርሱ ዛሬ ፀሐይ ሲሞቅ የምናየው አባታችን ነው። ተራው የእርሱ ደርሷል፤ እኛ ግን አሁንም ስላለፉት እየተቆጨን በአጠገቡ እናልፋለን።

አጠያየቁንም እንነጋገርበት። «ታሪክህን ንገረን» ብለን ብንጠይቅ አብዛኛው ሽማግሌ «ምን ታሪክ አለኝ?» ይላል። እንዲህ አንጠይቅ። ስንቁን ማን አዘጋጀልህ? ከማን ጋር ወጣህ? ከእነርሱ ማን ቀረ? የት ተቀበረ? ብለን እንጠይቅ። ዓመቱ ከጠፋበት ጣሊያን ሲወጣ፣ ንጉሡ ሲወርዱ፣ በ77ቱ ድርቅ እያልን እናስታውሰው። «አየሁ» ያለውንና «ሰማሁ» ያለውን ለይተን እንጻፍ፤ የሐዲስ ሊቃውንት ማን ከማን እንደሰማ እያጣሩ ሲዘግቡ ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ ድምፁን መቅዳትም ይቻላል። ፈቃዱን ግን አስቀድመን እንጠይቅ።

እናቶችንም አንርሳ። ስንቅ የፈጨች፣ ቁስለኛ የደበቀች፣ ወሬ ያደረሰች፣ ባልዋ ሲዘምት እርሻውንና ልጆቹን ብቻዋን የያዘች እናት ናት። እነ ሸዋረገድ ገድሌ የታወቁ አርበኛ ናቸው፤ ያልታወቁት እጅግ ይበዛሉ። አባትየው ሲጠየቁ እናትየው ጓዳ ውስጥ ከቀሩ ግማሹ ታሪክ ጓዳ ቀረ ማለት ነው።

ሽማግሌው የሚነግሩን ሁሉ የሚያኮራ ላይሆን ይችላል። የተጣሉት ወንድም፣ የበደሉት ሰው፣ የጨከኑበት ቀን ይኖር ይሆናል። ሙታንን በክፉ ማንሣት ከሃይማኖታችን ሥርዓት አይደለም፤ መዋሸትም አይደለም። የሞተውን ሰው ነውር በአደባባይ አንዘርዝር፤ ያልሠራውንም ጀግንነት አንጨምርለት። ደረቱ ላይ ያልነበረ ኒሻን በቀብሩ ላይ የሚሰቀልለት አባት ከተረሳው አባት የተሻለ አልተከበረም።

ደግሞ ከታሪክ የሚቀድም አለ፤ እርሱም ሐቅ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ በበቀራ ምዕራፍ ያለው፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። አባታችን ያበደሩት፣ የተበደሩት፣ በአደራ የያዙት ምን አለ? የእርሻው ድንበር የት ነው? የይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነው? በሸሪዓ ከቀብር ወጪ ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል፤ ኑዛዜም ከሲሶ ሳያልፍ ይፈጸማል፤ የተረፈው ነው ለወራሾች፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ የሚከፈለው። ይህ ሳይጠየቅ የቀረበት ቤት ስንት ነው? አባትየው ሲያስታርቁ ኖረው፣ አርባቸው ሳይወጣ ልጆቻቸው ፍርድ ቤት ይገናኛሉ። ያች «ስንት ታሪክ ይዘው ሄዱ» ያልናት ቃል እዚህ ላይ ክስ ሆና ትመጣለች። በአክብሮትና በጊዜው መጠየቅ ሞትን መመኘት አይደለም። የአባትን ሰላም ከአባት በኋላም ማቆየት ነው።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ በዚህ ሳምንት ከከተማ ወደ ገጠር የምትሄዱ ስኳርና ቡናውን ስትይዙ አንድ ደብተርም ያዙ። መሄድ የማይመቻችሁ ስልክ ደውሉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። መልሱ ረጅም ከሆነ አታቋርጧቸው፤ ሁለት ጊዜ የተናገሩትን ሦስተኛ ጊዜ ቢደግሙትም እንደ አዲስ ስሟቸው። አላህ (ሱ.ወ.) ወላጆችን ኡፍ እንኳን እንዳንላቸው ያዘዘን እንዲህ ያለውን ቀን እያወቀ ነው።

አላህ በሕይወት ያሉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ጤናና መልካም ፍጻሜ ይስጥልን። ያለፉትን ወላጆቻችንን ይማርልን፤ ሐቃቸውን የምንወጣ፣ አደራቸውን የምንጠብቅ ልጆች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።